ገመድ የያዘ እጅ

ሻርጃ፣ በነሐሴ፣ ጎህ ሊቀድ ሲያቅማማ፣
ሃያኛው ፎቅ ጣሪያ፣ ከኮምፕረሰር ማማ፣
እኔና ይመር ነን፣ መፍቻ በእጃችን፤
መሬት ሳይነካ ጨው ይሆናል ላባችን።

ያኔ ነው ያለፈው፦
አንድ ነጥብ ብርሃን፣ የማይንቀጠቀጥ፣
ከባሕሩ ወጥቶ ወደ በረሃው የሚሮጥ፤
አውሮፕላን እንዳልል ቀይ መብራት የለው፣
ኮከብ እንዳልለው ጉዳይ ያጣደፈው።

«ሰው አለ እዚያ ውስጥ» አልኩት፣ ጣቴ ተቀስሮ።
ይመር ቀና አላለም፣ ብሎን ላይ አቀርቅሮ፦
«ይኑራ!» አለ። «ደሴ እህቴ አለች፤
በሳምንት ሁለቴ ደሟን ታሳጥባለች፤
ከፋዩ እኔ ነኝ፣ ከዚች ከደሞዜ።
ስንት አገር ገንዘቡን ሽቅብ ሲረጭ ጊዜ
አንድ ጠብታ እንኳን ታች ሲመለስ አላየሁ፤
ሰማይ አይታረስ! ምኑን እበላለሁ?»

እውነቱን ነው። እህቱ ስሟ ዘምዘም።
ለእሷ የሚሆን መልስ በኪሴ የለኝም።
ያለኝ አንድ ጉድጓድ ነው፤ ሐርቡ ነው ያለው፤
ወንዙ በጠፋ ዓመት እድሩ ያስቆፈረው።

ከየቤቱ ሁለት ብር፤ ለሌለው አንድ ቁና ማሽላ፤
ዶሮዋን ሸጣ ያዋጣች ባልቴትም ነበረች።
«ልጆች ርቧቸው ሳለ ብር ወደ ጉድጓድ?» ያለም አልጠፋ፤
ዋሾ አልነበረም። ርቧቸው ነበር።
ነጋዴው ሐጂ ሙዘይን «ለብቻዬ ላስቆፍር» ቢል
እድሩ አመስግኖ እምቢ አለ፦
«ባለጸጋ የቆፈረው ውሃ፣
መክደኛውም ቁልፉም የባለጸጋ።»

ባልዲ ወረደ፤ ጭቃ ይዞ ወጣ።
ባልዲ ወረደ፤ ጭቃ ይዞ ወጣ።
በሦስተኛው ሰው ወረደ፣ አሊጋዝ የሚሉት፣
ወገቡ ላይ ገመድ፣ አሥራ ሁለት እጅ ይዘውት።
ከጨለማው ጮኸ፦
«እዚህ አይደለም! በምሥራቅ በኩል
ድንጋዩ አልቦታል፤ ወደዚያ ቆፍሩ!»
ባልዲ ጭቃ ያመጣል። ወሬ የሚያመጣ ሰው ነው።
ውሃው የወጣ ለት ዶሮዋን የሸጠችው ባልቴት
ከነጋዴው ቀድማ ቀዳች፤ ተራዋ ስለነበር።

«ይኼ ደግሞ ተረት ነው» አለ ይመር። «ብሎኑን አቀብለኝ።»
አቀበልኩት። አፌን ግን አልዘጋሁም።

የዚህ ሕንፃ ባለቤት፣ ሽማግሌው አቡ ሱልጣን፣
አንድ ቀን የአያቱን ወሬ አጫውቶኛል፦
ዕንቁ ጠላቂ፤ እግር ላይ ድንጋይ፣ አፍንጫ ላይ መቆንጠጫ፣
ትንፋሽ አፍኖ መውረጃ፣ ገመድ ነቅንቆ መውጫ።
ዕንቁው ለጀልባው ጌታ፤
ለጠላቂው ዕዳው፣ ለልጁም ያው ዕዳ።
«የሚወርድ ሰው መቼም አይጠፋ» አለኝ ሽማግሌው፤
«ነገሩ፣ ዕንቁው የማን ነው?»

ስማኝ፣ ይመር፤ ሰው ሽቅብ መውጣቱ አይቀርም።
አገር ካላዋጣ፣ ከየሰዉ መቀነት ጥቂት ካልተፈታ፣
ሰማዩም እንዲያ ይሆናል፦
ትንፋሹ የድሃ፣ ዕንቁው የጌታ።

እዚህ ከተማ ባሕር አጣፍጠው ይጠጣሉ፤
እዚያ ላይ የገዛ ላባቸውን አጣርተው ይጠጣሉ፤
የእኛ ላብ ጣሪያ ላይ ጨው ሆኖ ይቀራል።
ከማጣሪያው አንዱ፣ አንድ ቀን፣ ደሴ ይደርስ ይሆናል።
ቃል አልገባም። ጉድጓዱም ሲጀመር
ውሃ አይታየንም ነበር።

ይመር መፍቻውን አስቀመጠ። ቀና አለ።
ነጥቡ በረሃው ላይ ደርሶ
ንጋት ውስጥ እንደ ስኳር ይሟሟ ጀመር።
እስኪጠፋ አየው፤ ከጠፋም በኋላ አየው።
«ገመዱን ማን ነው የያዘው?» አለ።

አዛን ተሰማ። ኮምፕረሰሩ አጓራ፤
ታች፣ ባንዱ መስኮት፣ ሲያለቅስ ያደረ ሕፃን ዝም አለ።
እኔ መዳፌን አየሁ፤
ከግሪሱ ሥር፣ በልጅነቴ የሐርቡ ገመድ የላጠው ቦታ
አሁንም ነጭ ነው።